ራስ የሌለው ዜማ

ባለፈው ሰሞን የልጅ ልጄ ለፈተና ስታጠና እኔ አጠገቧ ተቀምጬ ጎመን እቀነጥስ ነበር። ሙዚቃ ነው የምትማረው። ስልኳን ከፍታ ጮክ ብላ ታነባለች፤ ጥያቄው «የጥንቱን የኅብረ ድምፅ ዝማሬ ዓይነቶች አነጻጽሪ» የሚል ነው። መጀመሪያ ሰው ሁሉ አንዱን ዜማ ባንድ ድምፅ ይዘምር እንደነበር፣ ቀጥሎ ሁለተኛ ድምፅ ከጎኑ እንደተጨመረበት እያነበበች ትወርዳለች። ቢላዬን አስቀመጥኩና «ቆይ፣ ከዚያ በኋላ ያለውን እኔ ልንገርሽ» ብዬ ተራ በተራ ነገርኳት። ስልኳን አየች፣ እኔን አየች። «እማማ፣ አንቺ ደግሞ ይሄን የት ተማርሽ?» አለች። «ዶሮ ማነቂያ» አልኳት። የቀለድኩ መስሏት ሳቀች። እኔ ግን እውነቴን ነበር፤ ያን ቀን ጎመኑም ሳይቀነጠስ ዋለ።

ዶሮ ማነቂያ ዛሬ የለም። ባለፈው በዚያ ሳልፍ ቤታችን የቱ ጋ እንደነበረ ለማወቅ ብዙ ዞርኩ፤ ሰፊ መንገድ፣ የተተከለ ሣር፣ በረድፍ የቆመ መብራት ነው። ያማረ ነው፣ አላማርርም። በኔ ጊዜ ግን ያ ሥፍራ ጣሪያና ጣሪያ እየተደጋገፈ የቆመ ሰፈር ነበር። አንዱ ቤት ሽንኩርት ሲቁላላ ሦስተኛው ቤት ያስነጥሳል። ከቤታችን ወጥቼ ወደ ፒያሳ ስወጣ መጀመሪያ የሚቀበለኝ የኬክ ቤቶቹ የቅቤና የቫኒላ ሽታ ነበር። ደመወዝ የተቀበልን ለት ከጓደኛዬ ከማርታ ጋር እዚያ ባንኮኒው ጋ ቆመን በስሙኒ ማኪያቶ እንጠጣለን፤ መቀመጥ ያስጨምራል ስለሚባል መቀመጥ አይታሰብም። ከዚያ የወርቅ ቤቶቹን መስኮት አንድ በአንድ እያየን፣ የማንገዛውን ቀለበት እያማረጥን እንወርዳለን። ከየሙዚቃ ቤቱ በር ላይ ካሴት ይጮኻል፤ ከአንዱ በር ፍቅር፣ ከሚቀጥለው በር ሰልፍ። የወንዶቹ አፍሮ ጠጉር እየጠፋ፣ የሴቶቹ ቀሚስ እየረዘመ የመጣበት ጊዜ ነው። ሻራ ጫማችንን በኖራ አንጥተን፣ ቴትሮን ሸሚዛችንን ተኩሰን ስንወጣ ግን የዓለም ሀብታም እኛ ነበርን።

አባቴ አቶ በየነ ልብስ ሰፊ ነበሩ። ከወርቅ ቤቶቹ ጀርባ አንድ የስፌት መኪናና አንድ ሰው ብቻ የምትይዝ ሱቅ ነበረቻቸው፤ ደንበኛ የሚለካው በረንዳ ላይ ቆሞ ነው። ዘመኑ ለሌላው ምን ይዞ እንደመጣ ሌላው ይናገር፤ ለአባቴ ይዞ የመጣው ካኪ ነበር። ቀኑን ሙሉ ባለአራት ኪስ ኮት ሲቆርጡ ይውሉና ማታ ሲገቡ ብናኙ ቅንድባቸው ላይ ሳይቀር ይታያል። ቀደም ሲል ጎረምሳ ሁሉ እግሩ እንደ ጃንጥላ የተከፈተ ሱሪ ሲያሰፋ «ይሄ ሱሪ ነው ወይስ የመንገድ መጥረጊያ?» እያሉ ይሳለቁ ነበር፤ ካኪው ሲበዛባቸው ጊዜ ግን ያን ሱሪ ናፈቁት። በልጅነታቸው ቡልጋ ዜማ ተምረው ነበር፤ ግዕዝ፣ ዕዝልና አራራዩን ለይተው ያውቃሉ። ድምፃቸው ወፍራም፣ የረጋ ነው። እሑድ እሑድ ነጠላቸውን አጣፍተው ጊዮርጊስ ያስቀድሳሉ። እናቴ ገና ተማሪ ሳለሁ ሞታብኝ ያሳደጉኝ እሳቸው ናቸው። ሹሩባ መሥራት ስለማይችሉ ጎረቤት ይዘውኝ ሄደው፣ ተሠርቼ እስክጨርስ በረንዳ ላይ ቁጭ ብለው ይጠብቁኝ ነበር።

እንዲህ ያሳደጉኝን አባት ነው ያስደነገጥኳቸው። በአንድ መሥሪያ ቤት ታይፒስት ሆኜ ስቀጠር አጠገቤ የምትጽፈው ማርታ ነበረች፤ በእሷ በኩል ጴንጤ ሆንኩ። አባቴ አልጮኹም፣ አልተቆጡም፣ ከቤት ውጪ አላሉኝም። ከብዙ ቀን በኋላ አንድ ማታ ራት ላይ «እልፌ፣ እኔ የማውቀው አንድ ዜማ ነው፤ ያሳደግኩሽም በሱ ነው። ሌላውን አላውቅልሽም» አሉኝ። ከዚያ እንጀራውን ወደኔ ገፋ አድርገው «ብዪ» አሉ። እሑድ ጠዋት እሳቸው ወደ ጊዮርጊስ ሲወጡ እኔ ደግሞ በሌላ በኩል ወደ ማርታ ቤት እሄዳለሁ። ማታ ተመልሰን አንድ ገበታ ላይ እንቀርባለን። እንዲህ ሆነን ኖርን።

እኔና ማርታ መዘምራን ነበርን ስል ዛሬ እንደሚታየው አንድ ዓይነት ልብስ ለብሶ መድረክ ላይ የሚደረደር እንዳይመስላችሁ። የምንሰበሰብበት ቤት ታሽጎ፣ ሰው በዛ ብሎ ወደ አንድ ግቢ ሲገባ ቀበሌ «ምን ጉዳይ ነው?» የሚልበት ጊዜ ነበር። ስለዚህ መሪያችን ጋሽ ኢሳያስ አንድ ዘዴ ፈጠሩ። መዝሙሩን በአራት ድምፅ ከፋፈሉና እያንዳንዱን ድምፅ ለየብቻው፣ በየቤቱ እየዞሩ ያስጠኑን ጀመር። ቀጭኑን የሴት ድምፅ የያዙት ሶፕራኖዎቹ አንድ ቤት፣ ቀጭኑን የወንድ ድምፅ የያዘው ቴነሩ ሌላ ቤት፣ ወፍራሙን የያዘው ቤዙ ደግሞ ሌላ። እኔና ማርታ አልቶ፣ ማለት ወፈር ያለው የሴት ድምፅ፣ ስለነበርን የምንለማመደው አፍንጮ በር፣ ማርታ በተከራየቻት አንዲት ክፍል ውስጥ ነው። ሙሉውን መዝሙር የሰማ ሰው ከመካከላችን አልነበረም። ሙሉው ያለው በጋሽ ኢሳያስ ጭንቅላት ውስጥ ብቻ ነው።

ጋሽ ኢሳያስ ቀጠን ያሉ፣ ሁልጊዜ ክራቫት የማይለያቸው፣ ጡረታ የወጡ አስተማሪ ነበሩ። በወጣትነታቸው ከአንዲት የሚሲዮን መምህርት ሙዚቃ ተምረዋል። አንዲት ትንሽ ጥቁር ቦርሳ ይይዛሉ፤ ውስጧ ያለው መነጽራቸውና አንዲት ሹካ የመሰለች ባለሁለት ጣት ብረት ነው። ብረቷን ጉልበታቸው ላይ መታ አድርገው ጆሯችን ሥር ሲያስጠጓት እዝዝ ትላለች፤ የምንነሣው ከዚያች ድምፅ ነው። ቦርሳ ይዘው ከቤት ቤት ሲዞሩ የሚያያቸው ሁሉ መርፌ የሚወጉ ድሬሰር ይመስሉት ነበር። አንድ ቀን የማርታ አከራይ እትዬ ወርቄ በር ላይ ጠብቀው «ጋሼ፣ ይቺን ወገቤን አንዴ ይውጉልኝ» አሏቸው። ጋሽ ኢሳያስ ለካስ ውሸት አይሆንላቸውም፤ ፊታቸው ቀላ። «መድኃኒቱ ዛሬ አልቋል እመቤቴ» አሉ። ማርታና እኔ ውስጥ ሆነን ትራስ አፋችን ላይ አድርገን ሳቅን። በሚቀጥለው ሳምንት የወገብ ቅባት ገዝተው አመጡላቸው።

አልቶን የምታውቅ ታውቃለች። ዋናውን ዜማ የሚይዙት ሶፕራኖዎቹ ናቸው፤ ሽቅብ የሚወጡትም፣ ሰው የሚያጨበጭብላቸውም እነሱ ናቸው። አልቶ መሃል ላይ ናት። ሁለት ሦስት ድምፅ ላይ ትመላለሳለች፤ ወዲህ አንድ እርምጃ፣ ወዲያ አንድ እርምጃ፣ ከዚያ እዚያው። ለብቻዋ ሲሰሟት ምንም አትመስልም። እኔ ደግሞ እንዳልረሳት ቤት ልብስ ስተኩስም፣ ሽንኩርት ስከትፍም አጉረመርማታለሁ። አባቴ ይሰማሉ፤ ቃሉን አይሰሙትም፣ ዜማውን ግን ይሰሙታል። ዜማ የተማረ ጆሮ ነው፤ ዝም ብሎ አያሳልፍም። አንድ ቅዳሜ ካኪ ሱሪ ላይ ቁልፍ እየተከሉ ሳለ መርፌውን አየር ላይ ይዘው ቆሙ።

«እልፌ።»

«አቤት አባባ።»

«የነዚያ ሰዎች መዝሙር ሁሉም እንዲህ ነው?»

«እንዴት?»

«ራሱ የታለ? ይሄ ዜማ ይነሣል ስል ይቀመጣል፣ ይሄዳል ስል ይመለሳል። ዓመት ሙሉ ደጃፍ ላይ ቆሞ የማይገባ እንግዳ። እኔ የሃይማኖቱን ነገር ትቼዋለሁ፤ ግን እንዲህ ያለ ዜማ ልጄን የሚያስተምር ሰው ምን ዓይነት ሰው ነው?»

ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ። የተቀረው ሦስት እጅ ሌላ ቤት እንዳለ፣ እሳቸው የሰሙት ሩቡን ብቻ እንደሆነ አስረዳኋቸው። አላመኑኝም። «ሁለት ሰው ባንድ ጊዜ የተለያየ ነገር ሲናገር ጠብ ይባላል» አሉ። ይህን ለጋሽ ኢሳያስ ስነግራቸው አልተቀየሙም፤ እንዲያውም ደስ አላቸው። «አባትሽ የጠየቁት ዋናውን ጥያቄ ነው። ፈረንጁም መጀመሪያ እንዲሁ ነው ያለው» አሉኝ። ክርክሩ በዚህ ተጀመረ። ሁለቱ ሰዎች በአካል አይተዋወቁም፤ አንዱ ዶሮ ማነቂያ፣ አንዱ አፍንጮ በር ናቸው። በመካከል መልእክት የምመላልስ እኔ ነኝ።

ጋሽ ኢሳያስ በየሳምንቱ ከልምምዱ በኋላ አንድ የዝማሬ ዓይነት ያስረዱኛል፤ እኔ ማታ ለአባቴ እየዘመርኩ አስረዳቸዋለሁ። መጀመሪያ ያመጣሁላቸው ጥንታዊውን ነበር። በፈረንጅ ገዳማት መነኮሳቱ እንደኛ ባንድ ድምፅ ያዜሙ ነበር፤ ከዕለታት አንድ ቀን ሁለተኛ ድምፅ ተነሥቶ ከዋናው ትንሽ ዝቅ ብሎ ጎን ለጎን ሄደ። ዋናው ሲወጣ ይወጣል፣ ሲወርድ ይወርዳል። አባቴ አሰቡበት። «ሁለት ጓደኛሞች ክንድ ለክንድ ተያይዘው ፒያሳን ሲወርዱ ማለት ነው። ታዲያ እሱ አንድ መንገድ ነው እንጂ ሁለት ነው?» አሉ። ቀጥሎ አንዱ ድምፅ ባለበት ቆሞ ሌላው ብቻ የሚዞርበትን አመጣሁ። ይሄን ወደዱት። «ይሄ ይሻላል። ቢያንስ አንዱ ቤት ጠባቂ አለ።»

ሦስተኛው ላይ ተጣላን። በዚያኛው ዓይነት ነባሩን ዜማ እታች አድርገው እያንዳንዱን ፊደል በጣም፣ በጣም ያስረዝሙታል፤ እስኪረዝም ድረስ ዜማ መሆኑም ይረሳል። ከላዩ ላይ አዲሱ ድምፅ እንደልቡ ይሽከረከራል። አባቴ ፊታቸው ተለወጠ። «በቃ አሮጌውን ቀበሩት በዪኛ» አሉና ወደ ስፌታቸው ዞሩ። የተናገሩት ስለ ፈረንጅ መነኮሳት ብቻ እንዳልነበረ ያኔም ገብቶኛል። ለጋሽ ኢሳያስ ነገርኳቸው። መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ። «አልቀበሩትም በያቸው። ታች ያለውን ያውጡትና ይሞክሩት፤ ላይ ያለው መቆሚያ የለውም። አዲሱ እንደልቡ የሚሆነው አሮጌው ስለያዘለት ነው፤ እንዲህ አሉ በያቸው» አሉኝ። አባቴ ይህን ሲሰሙ ብርጭቋቸውን ወደኔ ገፉና ሻይ እንድጨምርላቸው ጠየቁኝ።

አራተኛው ያሳቀን ነው። ቆይቶ አንዱን ድምፅ ባንድ ቃል፣ ሌላውን በሌላ ቃል፣ እንዲያውም አንዱን በቤተ ክርስቲያን ቋንቋ ሌላውን በገበያ ቋንቋ ባንድ ጊዜ መዘመር ጀመሩ ብዬ ነገርኳቸው። አባቴ በሩን ገልመጥ አድርገው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ይሄማ የቀበሌ ስብሰባ ነው» አሉ። ጋሽ ኢሳያስ ደግሞ ባጸፋው አንድ ተንኮል ላኩባቸው፦ የጊዮርጊስ ንግሥ ዕለት ሊቃውንቱ ሲያዜሙ ጆሯቸውን ጣል ያድርጉ፣ አንዱ ቀደም አንዱ ዘግየት ይላል፣ እዚያች መሃል ላይ ሁለት ድምፅ ይሰማል አሉ። አባቴ ተቆጡ። የንግሡ ዕለት ግን ሄደው ሲመለሱ ነጠላቸውን እያጠፉ «ሰማሁት» አሉኝ። «ግን እሱ ኅብረ ድምፅ አይደለም፤ እርጅና ነው።» ጋሽ ኢሳያስ ይህን ስነግራቸው እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ።

ያ ዘመን ሰው ከሰው ጋር ለመነጋገር የሚፈራበት ዘመን ነበር። ወንድም ወንድሙን ሲያይ ዝም ይላል። እኔ ግን ሁለት ሽማግሌዎች ሳይተያዩ፣ ሳይሰዳደቡ፣ አንዱ የሌላውን ነገር አክብሮ እየመለሰ ሲከራከሩ በመሃላቸው ሆኜ አዳመጥኩ። ከሁለቱ ማን ትክክል እንደነበረ አሁንም አላውቅም፤ ማወቅም አልፈልግም። ስንቱ በዚያ ጊዜ ያጣውን እኔ አግኝቻለሁ ብዬ አመሰግናለሁ።

እንግዲህ ብቸኛው ቤዝ ገመቹ ይባል ነበር። የወለጋ ልጅ፣ የሂሳብ አስተማሪ፣ ደረተ ሰፊ፣ ሲስቅ ወንበሩ የሚስቅ። ድምፁን እንኳ ለብቻው የሰማሁት ከተዋወቅን ብዙ ቆይቶ ነው፤ እሱ በሌላ ቤት ነበር የሚለማመደው። ከልምምድ በኋላ ግን ሰዓት እላፊ ሳይደርስ እስከ ሰፈሬ አፋፍ ድረስ ይሸኘኛል። ከአፍንጮ በር እስከ ዶሮ ማነቂያ ያለው መንገድ እንደዚያ አጭር ሆኖብኝ አያውቅም። ሊያገባኝ ፈለገ። እንደ ደንቡ ሽማግሌ ላከ። አባቴ ሽማግሌዎቹን በክብር ተቀብለው፣ አስቀምጠው፣ አጠጥተው «ልጄን ሰጥቻለሁ» አሉ። ደስታዬን ሳልጨርስ አስከተሉ፦ «ሠርጉ ላይ ግን አልገኝም። ልጄን እቤቴ መርቄ እሸኛለሁ። ከዚያ ወዲያ የናንተ ነው።»

ሽማግሌዎቹ ሲወጡ የአባቴ እግር ሥር ተንበረከክሁ። እናት የለኝም፣ ወንድም የለኝም፣ እኔ ያለኝ እሳቸው ብቻ ናቸው። «አባባ፣ እርስዎ የሌሉበት ሠርግ ምን ሠርግ ነው?» አልኳቸው። ጸጉሬን ዳሰሱኝ። «ጠልቼ አይደለም ልጄ። እዚያ ቤት እኔ ምን ሆኜ ልቀመጥ? ሲጸልዩ የማልጸልይ፣ ሲዘምሩ የማልዘምር፣ እንደ ዕቃ ጥግ ላይ። ቦታ የለኝም እዚያ» አሉ። ያን ሌሊት ያለቀስኩት እሳቸው እውነት ስለተናገሩ ነበር።

የሠርጉ ቀን ለጥር ተቆረጠ። የመስቀል ሰሞን ለመልሴ የምለብሰውን ቀሚስ ለማዘዝ ከአባቴ ጋር በእግር ሽሮ ሜዳ ወጣን። ሠርጉ ላይ አልመጣም ያሉት ሰው ጥበቡን እኔ ነኝ የምመርጥላት ብለው ነበር። ሸማኔዎቹ፣ የዶርዜ ሰዎች፣ ለበዓላቸው አንድ ግቢ ውስጥ ተሰብስበው ይዘፍናሉ። አንዱ ይጀምራል፤ ሌላው ከላይ በቀጭኑ ይገባል፤ ሌሎቹ ከታች በወፍራሙ ይይዙታል፤ ከወዲያ ማዶ ደግሞ አንድ አጭር ድምፅ ደጋግሞ ብቅ ይላል። ሁሉም የተለያየ ነገር ነው የሚለው፤ ግን ማንም ማንንም አይረግጥም። ፈረንጅ አላስተማራቸውም፣ ጋሽ ኢሳያስም ቦርሳቸውን ይዘው አልሄዱላቸውም። አባቴ ቀሚሱን ረስተው አጥሩን ተደግፈው ቆሙ። ፀሐይዋ ዞረች፤ እሳቸው አልተንቀሳቀሱም። አንዱን ሸማኔ ጠጋ ብለው «ዋናውን ዜማ የያዘው ማነው?» ብለው ጠየቁት። ሰውዬው ጥያቄው ግራ ገባው። «እንዴ፣ ሁላችንም ነና» አላቸው። ስንመለስ እስከ ስድስት ኪሎ ድረስ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ተራመዱ። እዚያ ሲደርሱ «እነዚህስ አይጣሉም» አሉ። ምን ማለታቸው እንደሆነ ፈርቼ አልጠየቅኋቸውም።

ጥር ሲቃረብ ገመቹ ሱፍ ሊያሰፋ አባቴ ሱቅ ሄደ። እኔ አልላክሁትም፤ ከእሳቸው ሌላ ማንም እንዲሰፋልኝ አልፈልግም ብሎ ነው። አባቴ በረንዳው ላይ አቁመው ትከሻውን፣ ክንዱን፣ ወገቡን ለኩት፤ ከቁጥሩ በቀር አንድ ቃል አልተናገሩትም። ደረቱን ሲለኩ ግን ሜትሩን ሁለቴ አዞሩት። ማታ «ያንቺው ሰውዬ ደረት አለው» አሉኝ። በካኪ የሰለቸ እጅ ለካ ምን ናፍቆት ኖሯል! ያን ሱፍ እየፈቱ እየሰፉ፣ እየፈቱ እየሰፉ ሰነበቱ። ሱፉ ሲያልቅ ገበሩ ሁሉ ከላዩ በልጦ ያምር ነበር። «አይመጡም አባባ?» እላቸዋለሁ። «ብያለሁ» ይሉኛል።

የሠርጌ ዕለት ቬሎ ከፒያሳ ተከራይቼ ጠበቅሁ፤ ሙሽራው ሰይቼንቶ ታክሲ በአበባ አስጊጦ ሊወስደኝ መጣ። ጠባቧ መንገዳችን በጎረቤት ተሞላች። የአባቴን ጉልበት ስሜ ተነሣሁ። መረቁኝ። «እግዚአብሔር ይከተልሽ» አሉኝና በራቸው ላይ ቆመው ቀሩ። ታክሲው ሲነሣ በኋላ መስታወት አየኋቸው፤ እጃቸውን አላወዛወዙም፤ ወደኛ ብቻ ያያሉ። ሜካፔ እንዳይበላሽ ማርታ በመሐረብ ትጠርገኛለች፤ እኔ ደግሞ ማልቀሴን አላቆምም።

ምሳው አፍንጮ በር፣ የገመቹ አጎት ቤት ነበር። ለምሳ ብቻ ተብሎ ከቀበሌ ፈቃድ ወጥቷል፤ ስለ መዝሙር የጠየቀም የነገረም የለም። መስኮቶቹ ተዘግተዋል፣ ሰው ትከሻ ለትከሻ ነው፣ ሙቀቱ አይጣል። ሊዘመር ሲል በሩ ተንኳኳ። ሁላችንም ደርቀን ቀረን። የገመቹ አጎት በሩን ገርበብ አድርገው ከፈቱ። አባቴ ናቸው። ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ክር የገባበት መርፌ በጣታቸው ይዘው ቆመዋል።

«ግራ እጅጌው ላይ አንድ ነገር አይቻለሁ፣ ሲወጣ» አሉ። «ላስተካክለው ነው የመጣሁት። እሄዳለሁ።»

ገመቹ ከመቀመጫው ሳይነሣ ክንዱን ዘረጋላቸው። አባቴ እጅጌውን ገለበጡት፣ መለሱት፣ ዳሰሱት። ምንም አልነበረበትም። መርፌውን ኮሌታቸው ላይ ሰኩና በሩ ሥር ካለችው ባለሦስት እግር ዱካ ላይ ተቀመጡ፤ የሚሄድ ሰው እንደሚቀመጠው፣ በዱካዋ ጠርዝ ላይ። ጋሽ ኢሳያስ እንግዳው ማን እንደሆኑ አወቁ፤ ከወገባቸው ጎንበስ ብለው እጅ ነሡ። አባቴም ከዱካቸው ብድግ ብለው መለሱላቸው። ከዚያ ጋሽ ኢሳያስ ብረቷን ጉልበታቸው ላይ መቱ፣ እጃቸውን አነሡ፣ ወደ ሶፕራኖዎቹ ዞሩ፣ ወደ ማርታ ዞሩ፣ ወደ ቴነሩ ዞሩ። ወደ ቤዙ ሲዞሩ ያለው ግድግዳ ብቻ ነው።

ቤዙ ከኔ አጠገብ፣ ደረቱ ላይ አበባ ሰክቶ ተቀምጧል።

ይህን ያህል ወራት ለየብቻ ስንለማመድ፣ መዝሙሩን ለሙሽሮቹ ስናዘጋጅ፣ አንዱ ሙሽራ ብቸኛው ቤዝ መሆኑን ማንም አላሰበውም! ቴነሩ ቤዝ አለ ብሎ ተኝቷል፣ ቤዙ ደግሞ እኔ ሠርግ አለብኝ ብሎ ሌላ ሀሳብ ላይ ነበር። ገመቹ ሊነሣ ሲል ሚዜዎቹ ኮቱን ይዘው አስቀመጡት። ጋሽ ኢሳያስም ራሳቸውን ነቀነቁ። «የምርቃት መዝሙር ነው፤ ሰው ራሱን አይመርቅም» አሉ በሹክሹክታ። እጃቸው አየር ላይ ነው፤ ማውረድም አፈሩ። ያለ ቤዝ አስጀመሩ። ቤታችሁ ይሙቅ የሚለው ስንኝ ላይ ገና ሳይደርሱ ሶፕራኖዎቹ ሽቅብ ወጥተው መውረጃ ጠፋቸው። ቴነሩ አንዴ ከነሱ ጋር፣ አንዴ ለብቻው ነው። የማርታ አልቶ መንቀጥቀጥ ጀመረች። እኔ ቬሎዬን ጨብጬ አንገቴን ደፍቻለሁ።

በዚህ መሃል ከበሩ በኩል አንድ ወፍራም ድምፅ ተነሣ። ቃል የለበትም፤ አፍ ሳይከፈት የሚወጣ፣ የረጋ አንድ ድምፅ ብቻ ነው። አባቴ የማርታን ዜማ ያውቁታል፤ ስንት ወር ሙሉ ከኔ አፍ ሰምተውታል፤ ከሥሩ ምን እንደጎደለም ያውቃሉ። እዚያው ቆሙበት። መለወጥ ሲኖርበት አንድ እርምጃ ይወርዳሉ፣ ይመለሳሉ፣ እዚያው ይቆማሉ። ማርታ መንቀጥቀጧን ተወች። ቴነሩ ቦታውን አገኘ። ሶፕራኖዎቹ እንደልባቸው ሆኑ። አንገቴን ቀና አድርጌ አየኋቸው፤ ሙሽራ ቀና አይልም፣ እኔ ግን አልኩ። ዓይናቸውን ጨፍነዋል። ከዱካዋ ጠርዝ ወደ መሃሉ ገብተው ጀርባቸውን ለግድግዳው ሰጥተዋል። መዝሙሩ በሙሉው ሲሰማ የዚያን ዕለት የመጀመሪያው ነበር፤ እኔም የሰማሁት እንደ እንግዳ ተቀምጬ ነው። እንዴት እንደሚያምር ማንም ነግሮኝ አያውቅም ነበር።

መዝሙሩ አለቀ። ጋሽ ኢሳያስ እጃቸውን አወረዱ፤ ሁሉም ዝም አለ። አባቴ ግን መጨረሻው የት እንደሆነ ያስተማራቸው ስላልነበረ ቀጠሉ። ያ አንድ ድምፅ ብቻውን ቤቱን ሞልቶት ቀረ። ማንም አልሳቀም፣ ማንም አላሳለም፣ ሊያስቆማቸው የደፈረም የለም። ትንፋሻቸው ሲያልቅ ዓይናቸውን ገለጡና ሰው ሁሉ ወደሳቸው ዞሮ አገኙት።

«ምነው አቆማችሁ?» አሉ አባቴ። «እኔ እኮ አለሁ።»

ጋሽ ኢሳያስ እጃቸውን እንደገና አነሡ።